ለነባር ስፒከር ሪሲቨር ስንመርጥ የምንሳሳታቸው ነገሮች እና እውነታው

«ስፒከሬ 100 ዋት ነው፤ ከ100 ዋት የማይበልጥ ሪሲቨር ፈልግልኝ።» ይህችን አባባል በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ እሰማታለሁ። የሚናገራት ሰው ለንብረቱ የሚሳሳ፣ ጠንቃቃ ሰው ነው። ግን በዚችው ጥንቃቄ የተነሳ የተቃጠሉ ቱዊተሮች (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጡት ሳጥኑ ውስጥ ያሉ ትንንሾቹ ስፒከሮች) የሥራ ጠረጴዛዬን መሳቢያ ሞልተውታል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ቆሜ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው አልኩ።

ስሙን አስቀድመን እናጥራ። እኛ ዘንድ «ሪሲቨር» ሲባል ሐሳብ የሚሄደው ከጣሪያው ዲሽ ጋር ወደሚሠራው ሳጥን ነው። እዚህ የማወራው ስለ ሌላው ነው፦ ከቴሌቪዥን፣ ከዲሽ ወይም ከማጫወቻ የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ፣ አጉልቶ ለአምስት ወይም ለሰባት ስፒከር የሚያከፋፍለው የሆም ቲያትር ሪሲቨር። አምፕሊፋየሩ እዚያው ውስጡ ነው።

«የሪሲቨሩ ዋት ከስፒከሩ ዋት መብለጥ የለበትም»

ስፒከር ላይ የተጻፈው ዋት ስፒከሩ የሚያወጣው ኃይል አይደለም። ሳይቃጠል ሊሸከም የሚችለው ነው። ሪሲቨር ላይ የተጻፈው ደግሞ ሲጠየቅ ሊሰጥ የሚችለው ነው። ባለ 150 ዋት ሪሲቨር ስለተሰካ ብቻ 150 ዋት አይገፋም። በተለመደ ሳሎን ውስጥ ሦስት ሜትር ርቆ ተቀምጦ ድራማ ለሚያይ ሰው እያንዳንዱ ስፒከር የሚወስደው ቢበዛ 1 ዋት ገደማ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዚያም ያንሳል። የቀረው አቅም የሚፈለገው ከበሮ ሲመታ፣ ፊልሙ ውስጥ የሆነ ነገር ሲፈነዳ ነው። ለዚያች ቅጽበት ከአማካዩ አሥር እጥፍ፣ አንዳንዴም መቶ እጥፍ ይጠየቃል።

አቅሙ ያነሰ ሪሲቨር ያን ጊዜ ምን ያደርጋል? ሞገዱ ገና ወደ ላይ መውጣት ሲገባው ቮልቴጁ ያልቅበትና ጫፉን ይቆርጠዋል። ክብ የነበረው አናት ጠፍጣፋ ይሆናል። ጆሯችን ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሻክራል፤ «ተሰነጠቀ» የምንለው እሱን ነው። የተቆረጠ ሞገድ ዘፈኑ ውስጥ ያልነበሩ ቀጫጭን ድምፆችን ይወልዳል፤ የቀጭን ድምፅ መንገድ ደግሞ ወደ ቱዊተር ነው። የቱዊተር ጥቅል ሽቦ እንደ ፀጉር የሰለለ ስለሆነ ያለማቋረጥ የሚችለው ጥቂት ዋት ብቻ ነው። ሳጥኑ ላይ 100 ዋት ተብሎ የተጻፈው የጠቅላላው ነው፤ አብዛኛውን የሚሸከመው ቤዙ፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ፣ ነው። እናም ስፒከሩ «100 ዋት ይችላል» ተብሎ፣ በ40 ዋት ሪሲቨር ቱዊተሩ ይቃጠላል።

አንድ ወጣት ለወንድሙ መልስ ብሎ ሳሎኑን አዘጋጀ። ስፒከሮቹ 120 ዋት የሚሉ፣ ጥሩ የእንጨት ሳጥን ያላቸው ነበሩ። ሪሲቨሩ ግን 8 ኦም ላይ (ኦም ምን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ) 40 ዋት የሚሰጥ ትንሽ ዕቃ ነው። ቤቱ በሰው ሲሞላ ድምፁ አነሰና ቮልዩሙ ወደ ላይ ወጣ፤ ሲሻክርም ዝም ተባለ፤ ሌሊቱን ሙሉ በዚያው ቀጠለ። ሲነጋ ሁለቱም ቱዊተሮች ዝም ብለዋል። ቤዞቹ ደህና ናቸው። ቴስተሬን ቱዊተሮቹ ላይ ሳሳርፍ ምንም አያነብም፤ ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ትንሽ ሪሲቨር የገዛሁት ስፒከሩ እንዳይቃጠል ብዬ ነው» አለኝ። በጣም አዘንኩለት። ይህን ምክር የሰጠው የሸጠለት ሰው ነው።

ትልቅ ሪሲቨር ስፒከር አያቃጥልም እያልኩ አይደለም። ያለ ልክ ከተከፈተ ያቃጥላል፤ ቤዙንም ጭምር። ግን ትልቁ ሪሲቨር ሳይሻክር የሚደርስበት ድምፅ ለሳሎን ከበቂ በላይ ስለሆነ፣ ሰው እዚያ ሳይደርስ ጆሮው ይበቃዋል። ስፒከራችሁ 100 ዋት ከሆነ በእውነተኛ ልኬት 80ም ይሁን 150 ዋት የሚሰጥ ሪሲቨር ግዙ፤ ሁለቱም ይሆናሉ። ድምፁ መሻከር ሲጀምር እጃችሁን ቮልዩሙ ላይ አድርጋችሁ ቀንሱ። ስፒከር የሚያድነው ይህ ነው።

ሌላም አለ። ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት መሄድ ድምፁን እጥፍ አያደርገውም። የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ነው፤ ልዩነቱ ይሰማል እንጂ አያስደንቅም። ለጆሮ እጥፍ የሚመስል ድምፅ ለማግኘት ወደ 10 ዴሲቤል መጨመር፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ ማንም የማይጠይቀኝን ቁጥር እኔ እጠይቃለሁ፦ የስፒከሩ ሴንሲቲቪቲ ስንት ነው? ይህ ቁጥር ስፒከሩ 1 ዋት ሲሰጠው አንድ ሜትር ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣ ይናገራል። 93 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር በ25 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ 87 የሆነው የሚያወጣው በ100 ዋት ነው። ስፒከራችሁ 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መካከለኛ ሪሲቨር ይበቃችኋል፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። 85 አካባቢ ከሆነና ሳሎኑ ሰፊ ከሆነ ግን ጠንከር ያለውን ግዙ።

ደግሞ የትኛውን ዋት? የአንዱ ሪሲቨር ካርቶን ላይ በትልቁ 165 ዋት ይጻፋል። ማኑዋሉን ብትገልጡት ያ ቁጥር የተለካው በ6 ኦም፣ በአንድ ቻናል (አንድ ስፒከር ብቻ እየሠራ)፣ በአንድ ኪሎኸርዝ ብቻ፣ ድምፁ 10 በመቶ እስኪበላሽ ተገፍቶ ነው። እዚያው ገጽ ላይ ዝቅ ብሎ በ8 ኦም፣ በሁለት ቻናል፣ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ፣ ከ0.1 በመቶ ባነሰ ብልሽት 80 ዋት ይላል። ሁለቱም የአንድ ዕቃ ቁጥሮች ናቸው፤ የምታነቡት ሁለተኛውን ነው። አምስቱም ስፒከሮች ባንድ ጊዜ ሲሠሩ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ማጋነኑ የቆየ ችግር ነው፤ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አምራቾች ዋቱ በምን ሁኔታ እንደተለካ እንዲገልጹ የሚያስገድድ ደንብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነበር። ትንንሽ ዕቃዎች ላይ የሚለጠፈው «ፒኤምፒኦ» የሚባለው ዋት የታወቀ መለኪያ የለውምና ከነጭራሹ አትቁጠሩት።

«ስፒከር ስፒከር ነው፤ ሽቦው ከገባ ይሠራል»

እዚህ ላይ ሪሲቨር ራሱ ይቃጠላል። ብዙ ቤት «ሆም ቲያትር» የሚባለው ማጫወቻው፣ አምስቱ ትንንሽ ስፒከሮችና ለብቻው ያለው የቤዝ ሳጥን ባንድ ካርቶን የመጡበት ነው። ማጫወቻው ከዓመታት በኋላ ይሞታል፤ ስፒከሮቹ ግን ደህና ስለሆኑ ሰው «ሪሲቨር ብቻ ልግዛ» ይላል። ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ስፒከሮቹን ገልብጡና ጀርባቸውን አንብቡ። ብዙዎቹ 3 ወይም 4 ኦም ናቸው። የተሠሩት ለዚያች ማጫወቻ ብቻ ነው።

ኦም ማለት ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው እምቢታ ነው። እምቢታው ባነሰ ቁጥር ከሪሲቨሩ የሚሳበው ከረንት ይበዛል። 20 ቮልት ላይ ባለ 8 ኦም ስፒከር 2.5 አምፔር ይስባል፤ ባለ 4 ኦም 5፤ ባለ 3 ኦም ወደ 6.7 አምፔር። ሪሲቨሩ በዚህ ይግላል፣ ራሱን ያጠፋል፤ መከላከያው ካልቀደመ የመጨረሻው ትራንዚስተር ይሄዳል። ብዙ ሪሲቨሮች ከኋላቸው ከ6 እስከ 16 ኦም ይላሉ፤ 4 ኦም የሚፈቅዱም አሉ። ያን ጽሑፍ ማንበብ ደቂቃ አይፈጅም።

ጽሑፉ ከጠፋ ቴስተር አለ። መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ አነካክታችሁ የሚያሳየውን ያዙ፤ ኋላ ትቀንሱታላችሁ። ከዚያ ስፒከሩን ለኩ። ባለ 8 ኦም ስፒከር ከ6 እስከ 7 ያነባል፤ ባለ 4 ኦም ከ3 እስከ 3.5። ከ3 በታች ካነበበ ለሪሲቨር አትስጡት።

ከሁሉ የከፋው የቤዙ ነገር ነው። የነዚህ ስብስቦች ቤዝ የራሱ አምፕ የለውም፤ ኃይሉን ያገኝ የነበረው ከማጫወቻዋ ነው። የሪሲቨር የሰብዉፈር (የቤዝ ሳጥን) መውጫ ደግሞ ደካማ ሲግናል ብቻ የሚሰጥ ነው። ሰው ይሰካውና ዝም ሲለው፣ የቤዙን ሽቦ ከፊት ለፊቱ ስፒከር ሽቦ ጋር አብሮ ያስረዋል። 3 ኦም ከ3 ኦም ጋር ጎን ለጎን ሲታሰር 1.5 ኦም ይሆናል። አንዲት እናት ልጃቸው እንዲህ አስሮት በሦስተኛው ቀን ያለቀለት ሪሲቨር ይዘውልኝ መጡ። ዕቃው ገና አዲስ ነው፤ ቦርዱ ግን ጠቁሯል። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ የራሱ አምፕ ያለው ሰብዉፈር መግዛት፣ ወይም ለአሮጌው ቤዝ ትንሽ አምፕ ለብቻ ማድረግ። እዚያው ላይ ስፒከሮቻችሁ ትንንሽ ከሆኑ ሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ «ስሞል» አድርጓቸው፣ መቁረጫውን (ከሱ በታች ያለው ወፍራም ድምፅ ወደ ሰብዉፈሩ የሚላክበትን ልክ) 80 ኸርዝ ላይ አኑሩ፤ በጣም ትንንሾቹን ደግሞ 120 ላይ። ወፍራሙን ድምፅ ሰብዉፈሩ ሲይዘው ሪሲቨሩም ስፒከሩም ይተነፍሳሉ። ይህን ያላስተካከለ ሰው ስለ ዋት ባይጨነቅ ይሻለዋል።

«ሪሲቨሩና ስፒከሩ የአንድ ፋብሪካ መሆን አለባቸው»

አይደለም። አንድ ዓይነት መሆን ያለባቸው የፊት ለፊቶቹ ሁለትና የመሐሉ ስፒከር ናቸው፤ ድምፅ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ ጠባዩ እንዳይለወጥ።

«አሮጌ ስፒከር ከአዲስ ሪሲቨር ጋር አይሄድም»

ይሄዳል። የስፒከር ሁለት ሽቦ ከአባቶቻችን ዘመን ጀምሮ ያው ሁለት ሽቦ ነው። የምታዩት የቤዙን ዙሪያ ነው። ፎም ከሆነ ከአሥራ አምስት ሃያ ዓመት በኋላ ሲነኩት ይፈረፈራል፤ መጀመሪያ እሱን አስቀይሩ።

«ባለ ሰባት ቻናል ሪሲቨር ሰባት ስፒከር ካልሞላ አይሠራም»

በሁለትም ይሠራል። ያላችሁትን ስፒከሮች ሜኑው ላይ ንገሩት።

«ድምፁ ደካማ የሆነው ሽቦው ርካሽ ስለሆነ ነው»

ውድ ሽቦ ድምፅ አይጨምርም። ንጹሕ መዳብ፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ እስከ አሥር ሜትር ድረስ ለ8 ኦም ስፒከር በቂ ነው። ለ4 ኦም ወይም ለረዘመ ቤት 2.5 አድርጉት። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ግን በገበያው ሞልቷል፤ ጫፉን ፋቅ አድርጋችሁ እዩት፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ ተዉት።

«ቡፌ ውስጥ ቢገባ ከአቧራ ይጠበቃል»

ሪሲቨር ሙቀቱን የሚያስወጣው በክዳኑ ቀዳዳዎች ነው። ከላዩ ዳንቴል፣ ከዳንቴሉ ላይ የዲሽ ሪሲቨር ተቀምጦበት፣ የመስታወት በሩ ተዘግቶ የመጣ ስንት አይቻለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ያነሰ ሙቀት ነው የሚወስደው። ከላዩ ቢያንስ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ክፍት ተዉለት። እናቶቼ፣ ዳንቴሉን ሌላ ቦታ አልብሱልኝ።

«ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ጥራት ስላለው ችግር የለውም»

ጥራቱን አልክድም። ግን እዚያ የተሸጠ ሪሲቨር ጀርባው ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል፤ የእኛ ቤት መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የሶኬቱን ጫፍ የሚቀይረው ትንሽ አዳፕተር ቮልቴጅ አይቀይርም፤ ቅርጽ ብቻ ነው የሚቀይረው። አንድ ደንበኛዬ እህቱ ከቨርጂኒያ በሻንጣ ይዛለት የመጣችውን ሪሲቨር በዚያ አዳፕተር ሰካው። አንድ ጊዜ ጧ አለ፣ የተቃጠለ ሽታ ሸተተ፤ የኃይል ትራንስፎርመሩ አብቅቶለታል። እህቱ እዚያው ሳሎን ተቀምጣ ነበር። ተመሳሳይ ትራንስፎርመር ለማግኘት አራት ወር ፈጀብኝ፤ ያገኘሁትም ከሌላ የሞተ ሪሲቨር ነው።

ከዱባይ የሚመጣው በአብዛኛው ለ220–240 ቮልት የተሠራ ነው፤ ቢሆንም ጀርባውን ሳታነቡ አትሰኩ። የአሜሪካውን የምትጠቀሙ ከሆነ ከ220 ወደ 110–120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋችኋል። ሪሲቨሩ ጀርባው ላይ 500 ዋት እወስዳለሁ ካለ የ1,000 ዋት ግዙ፤ በልኩ የተገዛ ትራንስፎርመር እየጋለ ይጮኻል፣ ድምፁም ስፒከሩ ውስጥ ይገባል። መብራት በሄደ ጊዜ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ። ትራንስፎርመሩንም ሪሲቨሩ ሳይሰካበት በፊት መውጫውን በቴስተር ለኩት፤ ሱቅ ውስጥ ተለጥፎበት ያለውን ጽሑፍ አትመኑ፣ 110 የሚል ተለጥፎበት 160 ሲያወጣ ያገኘሁት አለ።