ስለ ጾታዊ ሕይወት በግልጽ መነጋገር በሰሜን ሸዋ

በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ስለ ወሲብ አይወራም ማለት ትክክል አይደለም። ይወራል፤ ነገር ግን ማን ለማን፣ መቼና በምን ቃል እንደሚናገር ልማድ ወስኖታል። እናት ስለ ወር አበባ ለልጇ አንድም ቀን ሳትነግራት ትቆይና ሠርግ ሲደርስ አክስት ወይም ጎረቤት ሙሽራዋን ለብቻዋ ይዛ ትመክራታለች። ወንዱ የሚማረው ካገቡ ጓደኞቹ ነው። የንስሐ አባት ባልና ሚስት በአጽዋማት እንዲታቀቡ ያስተምራሉ። በሙስሊሞቹ ዘንድ ስለ ወር አበባና ስለ ትጥበት የሚነገረው ከሃይማኖት ትምህርቱ ጋር ነው። ምክሩ ሁሉ ለሚያገባ ወይም ላገባ ሰው ስለሆነ፣ ያላገባ ወጣት የሚጠይቀው ሰው የለውም።

የብር አምባር ልማድ ይህን ከምንም በላይ ያሳያል። ሙሽራዋ ድንግል ሆና መገኘቷ በጨርቅ ላይ በሚታይ ደም ይረጋገጣል፤ ሚዜዎች ብሥራቱን በዘፈንና በሆታ ለወላጆቿ ያደርሳሉ። ስለ አንዲት ልጅ የመጀመሪያ ሌሊት አገር ምድሩ በአደባባይ ይዘፍናል፤ እሷን ግን ፈቅደሻል ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። ከዚህም በላይ ብዙ ሴቶች በመጀመሪያው ግንኙነት አይደሙም፤ ደም የድንግልና ማረጋገጫ አይሆንም። በዚህ ምክንያት ያለ ጥፋቷ የተዋረደችና ወደ ወላጆቿ የተመለሰች ሴት በደል ቀላል አይደለም። ልማዱ በከተማ እየቀረ ቢሆንም ስለ እሱ በግልጽ መነጋገር ገና ብዙ ይቀረዋል።

ዝምታውን መጀመሪያ የሰበረው ኤድስ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነበር። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉ፣ የጭነት መኪና አሽከርካሪዎች የሚያርፉባቸው ከተሞች ስለሆኑ ለበሽታው የተጋለጡ ነበሩ። የትምህርት ቤት ፀረ ኤድስ ክበባት «ኮንዶም» የሚለውን ቃል በሰልፍና በድራማ አደባባይ አወጡት። በ1994 ዓ.ም. በአማርኛ መተላለፍ የጀመረና 257 ክፍሎች የነበሩት የሬዲዮ ተከታታይ ድራማም ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤድስ ቤተሰብ አንድ ላይ ተቀምጦ እንዲሰማ አድርጓል። ይሁንና የዚያ ዘመን ወጣት ስለ ወሲብ የሰማው ከሞት ጋር ተያይዞ ነው፤ ስለ ፍቅርና ስለ ፈቃድ የነገረው ጥቂት ነው።

በገጠሩ ትልቁን ሥራ የሠሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሠራተኞች እንዲመደቡ ተደርጎ ነበር፤ ሁሉም ለማለት ይቻላል ሴቶች ናቸው። ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ቡና እየጠጡ፣ አማትና ባል በሌሉበት ሰዓት ስለ መርፌው፣ ስለ እንክብሉና በክንድ ስለሚቀበረው መከላከያ አስረድተዋል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ካገቡ ሴቶች ከመቶ 47 ያህሉ ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ ይህም ከአገሪቱ አማካይ በላይ ነው።

አሁን ወጣቱን የሚያስተምረው ስልክ ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተከፍቶ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2011 ዓ.ም. ተመርቆ ከቤተሰባቸው የራቁ ብዙ ወጣቶች በከተማዋ ተሰብስበዋል። የወሲብ ፊልም በቴሌግራምና በሚሞሪ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ፊልሙ ትወና መሆኑን፣ ተዋናዮቹ ተስማምተው ይሁን ተገደው የሚነግር የለም።

በውጭ አገር ይህንኑ ጥያቄ ከራሱ ከሙያው ውስጥ ያነሱ አሉ። አሜሪካዊቷ ካንዲዳ ሮያል በ1984 እ.ኤ.አ. በሴቶች ዓይን የተሠራ ፊልም የሚያዘጋጅ ድርጅት መሠረተች፤ በባርሴሎና የምትሠራው ስዊድናዊቷ ኤሪካ ለስትም ሥነ ምግባርን የጠበቀ አሠራር ከሚሉት ወገን ናት። ይህ ወገን የሚያቀርበው መመዘኛ ግልጽ ነው፦ ተዋናዮች ዕድሜያቸው የተረጋገጠ አዋቂዎች መሆን አለባቸው፤ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ይነገራቸዋል፤ ተገቢ ክፍያ ያገኛሉ፤ የጤና ምርመራ ያደርጋሉ፤ በቀረጻ መሃል «በቃኝ» ሲሉ ሥራው ይቆማል። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ፊልም መሥራትም ማሰራጨትም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 640 ያስቀጣል። ፊልሙ እዚህ ይሠራ የሚል ክርክር አላነሳም። ለማታውቀው ተመልካች የምትተውን ተዋናይት «በቃኝ» የማለት መብት ካላት፣ በመንዝ ወይም በአንኮበር ያለች ሚስትም በገዛ ቤቷ እንዲሁ ማለት መቻሏ ሊነገር ይገባል።

ሕጉ ግን እዚህ ላይ ጎዶሎ ነው። የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት እንዲሆን የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም.፣ የክልሉም በ1995 ዓ.ም. ደንግገዋል። አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣው አንቀጽ 620 ግን ድርጊቱን «ከጋብቻ ውጭ» በሚል ስለሚወስነው፣ ባል ሚስቱን ቢያስገድድ በዚህ አንቀጽ አይከሰስም። የሽምግልና ጉባኤም ቢሆን ባልና ሚስትን ሲያስታርቅ ስለ ድብደባና ስለ ንብረት ይጠይቃል እንጂ ስለ መኝታ አይጠይቅም። ሴቶቹ ይህን ጉዳይ የሚያነሱት፣ ካነሱ፣ በጤና ኬላ ለመርፌ ተራ ሲጠብቁ ነው።