ኢስቺጓላስቶ ፎርሜሽን ምንድን ነው?

ጂኦሎጂስቶች ፎርሜሽን የሚሉት በአንድ ዘመን፣ በተመሳሳይ ሁኔታ የተፈጠረና ከላይና ከታች ካለው አለት ተለይቶ ካርታ ላይ ሊሰመር የሚችል የአለት ንብርብር ነው። ኢስቺጓላስቶ የሚገኘው በሰሜን ምዕራብ አርጀንቲና፣ ሳን ሁዋን ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው። ዛሬ ራቁቱን የቀረ በረሃ ስለሆነ "የጨረቃ ሸለቆ" ይሉታል።

ዳይኖሰሮች ብቅ ባሉበት በትሪያሲክ ዘመን ግን ወንዞች ደለል የሚያራግፉበት ስምጥ ነበር። የሞተን እንስሳ ደለል ቶሎ ካለበሰው አጥንቱ ለዘመናት ይቆያል። በየመሃሉ ደግሞ የእሳተ ገሞራ አመድ ወርዷል። ለተመራማሪ ይህ አመድ ትልቅ ሲሳይ ነው። በውስጡ ያለ አንድ ዓይነት ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ስለሚለወጥ፣ የአመዱ ዕድሜ ይሰላል። የእኛዋ ድንቅነሽ ዕድሜም የታወቀው በዚሁ መንገድ ነው። የኢስቺጓላስቶ የታችኛው ክፍል ወደ 231፣ የላይኛው ወደ 226 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል።

ዝናው ከዓለም ጥንታዊ ዳይኖሰሮች መካከል ጥቂቶቹ እዚህ በመገኘታቸው ነው። አንዱን ያገኘው ቪክቶሪኖ ሄሬራ የተባለ የአካባቢው ፍየል አርቢ ነበር። በ1963 እ.ኤ.አ. የቅሪተ አካል ተመራማሪው ኦስቫልዶ ሬይግ እንስሳውን በእሱ ስም ሄሬራሳውረስ አለው። ፕሮፌሰሮቹ ሳይሆኑ ፍየል አርቢው ስሙን ማትረፉ ደስ ይላል!

ዳይኖሰሮቹ ግን ያኔ የአገሩ ጌቶች አልነበሩም። በብዛት የሚገኘው ሃይፐሮዳፔዶን የሚባል፣ ምንቃር ያለው ቅጠል በል ተሳቢ እንስሳ ነው። የአጥቢዎች የሩቅ ዘመድ የሆነው ኤክሴሬቶዶንም ሞልቷል። ሁሉን የሚያስፈራው ደግሞ ሳውሮሱከስ ነበር፤ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝም የአዞ ወገን፣ በአራት እግሩ እየሄደ የሚያድን። በእነዚህ መሃል ኢዮራፕተር የሚባለው ትንሽ ዳይኖሰር አንድ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው።

ኢዮራፕተር በ1991 ተገኝቶ በ1993 ስም ሲወጣለት፣ ከሥጋ በል ዳይኖሰሮች ወገን ተመድቦ ነበር። በ2011 ግን ሪካርዶ ማርቲኔዝና ፖል ሴሬኖ ያሉበት ቡድን አጥንቱን ደግሞ መርምሮ፣ አንገተ ረጃጅሞቹ ግዙፍ ቅጠል በሎች ወደወጡበት ዘር አዛወረው።