ከጉልበት በታች ያለው ደን፦ ስለ ደረቅ ተራራማ ደኖች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክረምት ሲገባ ችግኝ የጫኑ መኪናዎች ሐዋሳን አቋርጠው ወደ ኮረብታዎቹ ሲያልፉ ደስ ይለኛል። በየጉድጓዱ ዳር የምሰማቸው አንዳንድ እምነቶች ግን ያሳስቡኛል። ከመጥረቢያ ባልተናነሰ ደኖቻችንን የሚጎዱ ናቸውና።

«ደረቅ ደን ማለት ቅጠሉ የረገፈ ደን ነው»

አይደለም። ደረቅ የተባለው ዝናቡ ከምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ስለሚያንስ እና በጋው ስለሚረዝም ነው። ጽድ፣ ዝግባ እና ወይራ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ናቸው።

«ትላልቅ ዛፎች ካሉ ደኑ ጤነኛ ነው»

ብዙዎቻችንን የሚያታልለን ይህ ነው። ባለፈው ዓመት በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ ሦስት ሰው ተያይዞ በማያቅፈው ዝግባ ሥር ተንበርክኬ ችግኝ ፈለግሁ። መሬቱ በፍየል ኮቴ ተደልድሏል፤ የቀረው በመጥረጊያ ጸድቷል። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ያገኘኋት አንዲት ቡቃያ ከጣቴ አትረዝምም፤ ጫፏም ተቀጭቷል። ባሳያቸው የደብሩ አባት ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ እኛ አረም መስሎን ስንጠርገው ኖረናል» አሉኝ።

ራሱን በሚተካ ደን ውስጥ ችግኙ ከለጋው፣ ለጋውም ከጎልማሳው በቁጥር ይበዛል። ስለዚህ ደን ስንጎበኝ ከማንጋጠጣችን በፊት ከጉልበታችን በታች ያለውን እንይ።

«ደኑ ቢመነጠርም ዘሩ አፈር ውስጥ ስላለ ይመለሳል»

በደረቅ ተራራማ ደኖቻችን አፈር ላይ የተደረጉ ጥናቶች ያሳዩት ሌላ ነው። አፈር ውስጥ ተኝቶ ዓመታት የሚቆየው ዘር በአብዛኛው የሣር እና የአረም ነው። የብዙዎቹ ዛፎች ዘር ወይ ቶሎ ይበቅላል፣ ወይ ይበላል፣ ወይ ይበሰብሳል። ዝግባ ለምሳሌ ተተኪዎቹን የሚያቆየው በጥላ ሥር በሚታገሡ ችግኞች ነው፤ አንድ ትልቅ ዛፍ ወድቆ ብርሃን ሲገባ እነርሱ ሽቅብ ይመዘዛሉ። እናት ዛፎቹም ችግኞቹም ከጠፉ ወፎችና ጦጣዎች ፍሬውን ከሌላ ደን ማምጣት አለባቸው። ሌላው ደን ሩቅ ከሆነስ?

«ቁጥቋጦው ካልተመነጠረ ዛፍ አይበቅልም»

በጣም የሚያሳዝነኝ ስሕተት ይህ ነው። አጋምን፣ ቀጋን እና ክትክታን መንጥረን ንጹሕ ሜዳ ላይ ችግኝ እንተክላለን፤ በጋ ሲመጣ ይደርቃል። የቁጥቋጦ ጥላ ግን እርጥበት ይይዛል፤ የአጋሙና የቀጋው እሾህ ደግሞ ፍየልን ያርቃል። በተራቆተ ቦታ የወይራ ችግኝ ስትፈልጉ የቁጥቋጦውን ቅርንጫፍ ገለጥ አድርጋችሁ ውስጡን ተመልከቱ። በእርግጥ ለሁሉም ዛፍ አንድ ሕግ የለም። ጽድ ብርሃን ይወዳል፤ ጥቅጥቅ ባለ ጥላ ሥር ልጆቹ አያድጉም። የዝርያ ብዝኃነት የሚያስፈልገውም አንዱ ለሌላው ቦታ ስለሚያዘጋጅ ነው።

«በባሕር ዛፍ እና በፈረንጅ ጽድ ሥር ምንም አይበቅልም»

ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ሻሸመኔ አቅራቢያ በሚገኘው የሙኔሳ ደን፣ ተመራማሪዎች በተተከሉ የውጭ ዛፎች ሥር በርካታ አገር በቀል ዝርያዎች በቅለው አግኝተዋል። ይህ የሚሆነው የተፈጥሮ ደን በአጠገቡ ሲኖር እና ብርሃን ሲገባ ነው። ባሕር ዛፍን በየምንጩ ዳር ለመትከል ምክንያት አይሆንም።

«ደን የሚመለሰው ሲተከል ብቻ ነው»

ወላይታ ውስጥ ሁምቦን ያየ እንዲህ አይልም። እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረው ሥራ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከግጦሽ እና ከመጥረቢያ ተከልሎ፣ ገበሬዎች ከቆዩ ጉቶዎች የሚያቆጠቁጠውን እየገረዙ ጠንካራውን ግንድ አሳደጉ። ሥሩ መሬት ውስጥ ሕያው ስለነበር፣ አዲስ ችግኝ በበጋ የሚገጥመውን ጥማት ተቋቋመው። ከብቶቹ እንዲወጡ ሲደረግ ሣሩ እየታጨደ መወሰዱ ሰዎቹን ከሥራው ጋር አስማማቸው። መትከል ያስፈልጋል፤ በተለይ እናት ዛፍም ጉቶም በሌለበት። ነገር ግን ጉድጓድ ከመቆፈር በፊት ያለውን ቡቃያ እየፈለጉ በእንጨት ምልክት ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም።

የዚያች ቡቃያ ጫፍ ከጎን አቆጥቁጧል። አባ ዙሪያዋን በአጋም ቅርንጫፍ አጥረዋታል፤ ጠራጊዎቹንም ከአጥሩ እንዳያልፉ አዘዋል።