የዋስትና ገንዘብ ቅነሳ ምንድን ነው?

ፍርድ ቤት በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘን ሰው ጉዳዩን ከውጭ ሆኖ እንዲከታተል ሲፈቅድ፣ በቀጠሮው ቀን እንደሚቀርብ ማረጋገጫ ይጠይቀዋል። ማረጋገጫው ጥሬ ገንዘብ፣ የቤት ካርታ፣ የባጃጅ ሊብሬ ወይም ደመወዝተኛ የሰው ዋስ ሊሆን ይችላል። የተጠየቀው ከአቅም በላይ ሲሆን መጠኑ እንዲስተካከል ማመልከት የዋስትና ቅነሳ ነው።

መሠረቱ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ነው፤ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ በዋስ የመፈታት መብትም አለው። ዝርዝሩን የያዘው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። በአንቀጽ 63 መሠረት ዋስትና የሚያስከለክለው ክሱ የሞት ቅጣት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሆኖ ተጎጂው የሞተ ወይም ሊሞት የሚችል ሲሆን ነው። አንቀጽ 67 ደግሞ ግዴታውን አያከብርም፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ወይም ምስክር ያባብላል፣ ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ ሲታመን መከልከልን ይፈቅዳል። ለሙስና ክሶች የተለየ ድንጋጌ አለ።

ለቅነሳ ዋናው አንቀጽ 69 ነው። ዳኛው መጠኑን ሲወስን የክሱን ክብደት፣ ተከሳሹ የመቅረቡን ዕድል፣ መፈታቱ በሕዝብ ጸጥታ ላይ የሚያመጣውን አደጋና የተከሳሹንና የዋሶቹን አቅም ማመዛዘን አለበት። ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «ድሃ ነኝ፣ ቤተሰቤ ተቸገረ» የሚል ልመና ብቻ ይጻፋል፤ አቅምን የሚያሳይ ወረቀት ግን አይያያዝም። ዳኛው መዝገቡ ውስጥ ያላየውን አቅም ሊመዝን አይችልም።

ለምሳሌ በጅማ የሰው ባጃጅ በቀን ገቢ የሚያሽከረክር ወጣት 20,000 ብር ተጠየቀ እንበል። ማመልከቻው የመዝገቡን ቁጥር፣ ትዕዛዙ የተሰጠበትን ቀንና የተወሰነውን መጠን ይጠቅሳል። የቀበሌ የገቢና የነዋሪነት ማስረጃ፣ የሚያስተዳድራቸው ልጆች ካሉ የልደት ወረቀት፣ ባጃጁ የሌላ ሰው መሆኑን የሚያሳይ የሊብሬ ቅጂ ይያያዛል። ከሁሉ በላይ አማራጭ ይቅረብ፤ «5,000 ብር አስይዤ፣ ከዚህ መሥሪያ ቤት ደመወዝተኛ ዋስ አቀርባለሁ» የሚል የተወሰነ ሐሳብ «በተቻለ መጠን ይቀነስልኝ» ከሚለው በብዙ ይሻላል።

በጅማ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻውም በዚያው ይጻፋል። አማርኛ ብቻ የሚናገር ተከሳሽ በአስተርጓሚ የመከራከር መብት አለው፤ ችሎት ፊት አልገባኝም ማለት አይፈራ። ጠበቃ መቅጠር የማይችል የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍል የሚሰጠውን ነጻ የሕግ ድጋፍ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ማመልከቻው መጀመሪያ ትዕዛዙን ለሰጠው ችሎት ይገባል። ዋስትናው ጨርሶ ከተከለከለ በአንቀጽ 75 መሠረት በ20 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይግባኝ ይባላል፤ ከወረዳ ፍርድ ቤት የተነሳ ጉዳይ ወደ ዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ሊከፈል የማይችል መጠን መጠየቅ ከመከልከል አይለይም የሚለው ክርክርም እዚያ ሊነሳ ይችላል፤ እኛም ትክክለኛ ክርክር ነው ብለን እናምናለን።

ከተቀነሰ በኋላም የሚያዘገዩ ነገሮች አሉ። የዋሱ ስም በመታወቂያውና በካርታው ላይ ካልተመሳሰለ፣ የባልና የሚስት ቤት ሆኖ አንዱ ብቻ ከፈረመ፣ ቤቱ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑ ካልተረጋገጠ፣ ወይም የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የደመወዙን ልክ ካልገለጸ ወረቀቱ ይመለሳል። ዓርብ ከሰዓት የተፈቀደ ዋስትና መፍቻው፣ ማለትም ለእስር ቤቱ የሚላከው የመልቀቂያ ትዕዛዝ፣ ሳይጻፍ ቅዳሜና እሑድ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ሰነዶቹ ከትዕዛዙ በፊት ተዘጋጅተው ይቆዩ። መፍቻው እስር ቤት ከደረሰ በኋላም በሌላ መዝገብ የሚፈለግ ሰው አይለቀቅም።

ዋስ የሚሆን ዘመድም የሚፈርመውን ይወቅ። ተከሳሹ ከቀረ የተያዘው ገንዘብ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል፤ የሰው ዋሱም የገባውን መጠን እንዲከፍል ይጠየቃል። ተከሳሹ ቀጠሮውን አክብሮ ከጨረሰ ግን ገንዘቡ ጥፋተኛ ቢባልም ነጻ ቢወጣም ይመለሳል፤ ቅጣት አይደለምና። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ የከፋዩ ስም በትክክል ይጻፍ፤ ዋናው ቅጂም መዝገቡ እስኪዘጋ በጥንቃቄ ይቀመጥ።