ተረት ወይስ ታሪክ፦ በሰሜን ሸዋ የሚነሣው የመጽሐፍ ቅዱስ ክርክር

የመጽሐፍ ቅዱስ ትረካዎች በእርግጥ የተፈጸሙ ናቸው ወይስ በኋላ ዘመን የተቀናበሩ? ይህ ጥያቄ በሰሜን ሸዋ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ላይ፣ በጽዋ ማኅበር፣ በደብረ ብርሃን ተማሪዎች መካከል ይነሣል። በይፋት ቆላ ያሉ ሙስሊሞችም ኑህንና ሙሳን በነቢይነት ስለሚያከብሩ፣ ነገሩ የክርስቲያኖች ብቻ አይደለም።

ጠቡን ብዙ ጊዜ የሚጭረው «ተረት» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ተረት ማለት ማታ እሳት ዳር አያት «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆች «የላም በረት» ብለው የሚቀበሉት፣ ጅብና ጦጣ የሚነጋገሩበት፣ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ተብሎ የሚዘጋ ጨዋታ ነው። ነጋሪውም ሰሚውም እንዳልሆነ ያውቃሉ። ምሁራን ስለ ዘፍጥረት ሲጽፉ የሚያነሡት «ሚቶስ» የተባለው የግሪክ ቃል ግን አንድ ሕዝብ የዓለምን አመጣጥና የሰውን ዕጣ የሚረዳበትን ቅዱስ ትረካም ይጨምራል። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ይህንኑ ቃል «ተረት» ብሎ መልሶታል፤ 2ኛ ጴጥሮስ 1፥16 ሐዋርያት ተረት እንዳልተከተሉ ይናገራል። እናም ልጅ ከትምህርት ቤት መጥቶ «የኖኅ ነገር ሚት ነው» ሲል እናት የምትሰማው «ውሸት ነው» ሲላት ነው። ብትቆጣ አልፈርድባትም።

የአብነት ትምህርት ቤቱ የራሱ መንገድ አለው። ተማሪው የግዕዙን ንባብ ያሰማል፤ የኔታ በአማርኛ ይተረጉማሉ፤ አንዱ ፍቺ ሲያልቅ «አንድም» ብለው ሌላ ይጨምራሉ። የኖኅ መርከብ የቤተ ክርስቲያን ምሳሌ ናት፤ አንድም የእመቤታችን። ምሳሌ ናት ማለት ግን አልነበረችም ማለት አይደለም፤ ሊቃውንቱ ታሪኩን መሠረት አድርገው ምሥጢሩን በላዩ ያንጻሉ። የከረረ ልዩነት ያለው በዘመን ቆጠራው ላይ ነው። ባሕረ ሐሳብ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት ይቆጥራል፤ የሥነ ምድር ሳይንስ የምድርን ዕድሜ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ያደርሰዋል።

የአርኪዮሎጂ ቁፋሮውም ለሁሉም ትረካ አንድ መልስ አልሰጠም። እንግሊዛዊቷ ካትሊን ኬንዮን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኢያሪኮን ቆፍራ፣ ከተማዋ የፈረሰችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ፣ ብዙዎች ኢያሱን ከሚያኖሩበት ዘመን ቀደም ብሎ ነው አለች። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1993 በሰሜን እስራኤል በቴል ዳን የተገኘው ድንጋይ «የዳዊት ቤት» የሚል ጽሑፍ ስላለበት፣ ዳዊት ጨርሶ አልነበረም የሚለውን ወገን ክፉኛ አዳክሞታል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የይሁዳው ንጉሥ የሕዝቅያስ ጉዳይ ነው። የአሦሩ ንጉሥ ሰናክሬም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 ሕዝቅያስን በኢየሩሳሌም «በቀፎ እንዳለ ወፍ» እንደዘጋበት በሸክላ አስጽፏል፤ ከተማዋን ያዝኩ ግን አይልም። መጽሐፈ ነገሥትም ከበባውን ይመሰክርና፣ የተረፈችው የእግዚአብሔር መልአክ የአሦርን ሠራዊት ስለመታ ነው ይላል። ከበባውን ቁፋሮ ያረጋግጣል፤ መልአኩን የሚመዝን መሣሪያ ግን አርኪዮሎጂ የለውም። «ታሪክ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ መጽሐፉን በጅምላ መጠየቅ የማያዋጣውም ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ትረካ ለብቻው ይጠየቅ።

ደብረ ብርሃን ራሷ ተመሳሳይ ጥያቄ ታቅፋለች። ስሟ የመጣው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ከታየው ብርሃን ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። ንጉሡ ግን የሰማይ ምልክት አድርጎ ተቀብሎት በቦታው ቤተ ክርስቲያን አሠራ። ኮከብ ነበር ያለ ሰው ብርሃኑን አልካደም።

ሌላው የአገሬው መከራከሪያ ግዮን ነው። ዘፍጥረት 2፥13 ግዮን የኢትዮጵያን ምድር ይከብባል ይላል፤ አባቶች ዐባይ ነው ይላሉ። በደብረ ብርሃን ጥግ የሚያልፈው በሬሳ ወደ ጀማ ይወርዳል፣ ጀማም ዐባይ ይገባል፤ ስለዚህ ከብቱን በሬሳ የሚያጠጣ ገበሬ ከገነት ወንዝ ውሃ ጋር መገናኘቱን ያምናል። የዕብራይስጡ ንባብ ግን «ኩሽ» ነው፤ «ኢትዮጵያ» ብለው ያስገቡት ወደ ግሪክ የመለሱት ሰብአ ሊቃናት ናቸው። ኩሽ ከግብፅ በስተደቡብ ያለው አገር ነው የሚሉ አሉ፤ በመስጴጦምያ አካባቢ የሚፈልጉትም አሉ።