ኮፒ ቤዝ ጊታር ምንድን ነው?

ፒያሳ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ገብቶ ቤዝ ጊታር አሳዩኝ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት የፌንደር (የአሜሪካ ጊታር አምራች) ፕሪሲዥን ወይም የፌንደር ጃዝ ቤዝ ቅርጽ ያለው፣ ስሙ ግን ሌላ የሆነ ጊታር ነው። ኮፒ የሚባለው ይህ ነው፤ የታወቀ ሞዴልን ተከትሎ፣ በራሱ ስም፣ በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጥ።

ኮፒ ከሐሰተኛው ይለያል። ፌንደር ፕሪሲዥንን እ.ኤ.አ. በ1951፣ ጃዝ ቤዝን በ1960 ለገበያ አወጣ። በኋላ የፕሪሲዥንን አካል ቅርጽ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ቢሞክርም፣ በ2009 በአሜሪካ ውድቅ ተደረገበት፤ ቅርጹ በብዙ አምራቾች ሲሠራ የኖረ ነውና። ስሙ ግን የራሱ ነው። በሌላ ስም የተሠራ ጊታር ኮፒ ነው፤ «ፌንደር» የሚል ጽሑፍ ከተለጠፈበት ማጭበርበር ነው። ራሱ ፌንደርም ቢሆን የጃፓን ኮፒዎች ገበያውን ሲሻሙት በ1982 ስኳየር በሚል ስም ርካሽ ጊታሮችን እዚያው ጃፓን ማሠራት ጀመረ።

ልዩነቱ ታዲያ ምኑ ላይ ነው? ብዙ ሰው እንጨቱ ላይ ነው ይላል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ፍሬቱን፣ ማለትም አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉትን ቀጫጭን ብረቶች ነው። የክሩ ርዝመት በኦሪጂናሉም በኮፒውም 34 ኢንች፣ ማለትም 86 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ አራቱ ክሮችም ያው ናቸው። በውዱ ጊታር ላይ ገንዘቡ የሚሄደው ለእጅ ሥራው ነው፦ ፍሬቶቹ እኩል ይሞረዳሉ፣ ጫፋቸው ይለሰልሳል፣ መቃኛ ቁልፎቹ አይላሉም። በርካሹ ላይ ይህ ሥራ በጥድፊያ ይታለፋል። ጉድለቱ አዲስ አበባ ላይ የሚጋለጠው በበጋ ነው፤ አየሩ ሲደርቅ የአንገቱ እንጨት ይኮማተራል፣ ብረቱ ግን ባለበት ይቀራል፤ ያኔ የፍሬቶቹ ጫፍ ወጣ ወጣ ብሎ መዳፍ ይቧጥጣል።

ድምፁ «ዝዝ» ሲል ሁሉንም በኮፒው ማሳበብ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ኦሪጂናሉ ጃዝ ቤዝም ካሉት ሁለት ፒክአፖች (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩት ክፍሎች) አንዱ ብቻ ሲከፈት ያጉረመርማል፤ ሁለቱ እኩል ሲከፈቱ ነው ዝም የሚለው። የኤሌክትሪክ መስመሩ መሬት በደንብ ያልያዘበት ክለብ ውስጥ ደግሞ ውዱም ርካሹም ይጮኻሉ።

አንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ በባለሙያ ከተስተካከለ፣ የክሮቹ ከፍታ ከተለካና አዲስ ክር ከገባ ብዙ ኮፒ መድረክ ላይ አያሳፍርም። ፒክአፑም ቆይቶ ሊቀየር ይችላል። የማይታለፈው የተጣመመ አንገት ነው። ከመግዛትዎ በፊት ቅኝቱንም ይፈትሹ፦ በእያንዳንዱ ክር 12ኛው ፍሬት ላይ ጣትዎን ሳይጫኑ ነካ አድርገው ይምቱ፣ ቀጥሎ እዚያው ተጭነው ይምቱ። ሁለቱ ድምፆች ካልገጠሙ፣ ክሩ የተቀመጠባትን ብረት ወደፊት ወይም ወደኋላ እንዲያንቀሳቅሱልዎ ሻጩን ይጠይቁ። ከዚያም በኋላ ካልገጠመ ያ ጊታር ትዝታን ከሳክስፎን ጋር ሲጫወቱበት ቅኝቱን ያደፈርስብዎታል፤ ዋጋው ቢቀነስልዎም አይግዙት።