ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም

ሰሞኑን ሬዲዮ ላይ አንድ እንግዳ «በዓሉ በሰላም አለፈ፤ ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም» ሲል ሰማሁ። ጠያቂውም «እሰይ» አለ። ምኑ ነው እሰይ? አባባሉ እኮ የምሥራች አይደለም፣ እሮሮ ነው። ሰው ጆሮውን ቀስሮ ሲጠብቅ፣ መናገር ያለበት ሳይናገር ሲቀር የሚባል ነው።

በገጠር መጽሐፍ ማለት ድምፅ ነበር። ብራናው በግዕዝ ተጽፏል። ገበሬው ፊት ቢዘረጋም ምንም አይነግረውም፣ የሚናገረው በቄሱ አፍ ነው። ከወታደር ልጅ ደብዳቤ ሲመጣም እናት ይዛ የምትሮጠው ወደ ቄሱ ነው።

እኔም ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው። የኔታ ዋርካው ሥር ቁርበት ላይ ይቀመጣሉ። እኛ በስንደዶ እየጠቆምን እንጮሃለን። አንዱ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ» ይላል። ሌላው የዮሐንስን መልእክት ያነባል። ከፍ ያለው ደግሞ 150ውን መዝሙር ለመጨረስ ዳዊት ይደግማል። ሁሉም ባንድ ጊዜ! የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ጭራቸውን ያወዛውዛሉ። የተኙ ነው የሚመስሉት። ግን አንዱ ልጅ የንባቡን ስልት ስቶ ተነሽውን ቃል ወዳቂ አድርጎ ያነበበ እንደሆነ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ስሙን ጠርተው «ተመለስ!» ይላሉ። ያን ሁሉ ጫጫታ እንዴት እንደሚለዩት እንጃ። በሆድ ማንበብ የሚባል ነገርማ አይታወቅም። ዝም ያለ ልጅ ተኝቷል ተብሎ ይቆነጠጣል።

ወደ አባባሉ ምንጭ ስመጣ፣ እንደ ሊቃውንቱ «አንድም» እያልኩ ልቀጥል። አንድም ነገሩ ከቅዳሴ የመጣ ነው። ካህኑ ቅዳሴውን በቃሉ ይዞታል። የዕለቱን ወንጌል ግን የየዕለቱ ንባብ የተመደበበት ግጻዌ ባዘዘው መሠረት ከመጽሐፍ ነው የሚያነበው። ታዲያ ሌሊት ዲያቆኑ የያዘውን ጧፍ ነፋስ ቢያጠፋውስ? ቄሱ ቆሟል፣ መጽሐፉ አትሮንሱ ላይ ተዘርግቷል፣ ሕዝቡ ይጠብቃል። ይህን ማንም አልነገረኝም፣ የራሴ ግምት ነው።

አንድም፣ ልቤ የሚያደላውም ወደዚህኛው ነው፣ አባባሉ የመጽሐፍ ቤት፣ ማለትም የመጻሕፍት ትርጓሜ የሚሰጥበት ትምህርት ቤት፣ ልጅ ነው። የትርጓሜው ትምህርት አራት ጉባኤ አለው፦ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት። ተማሪው የግዕዙን ንባብ ያሰማል። መምህሩ ተቀብለው «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ በአማርኛ ምሥጢሩን ያወርዱታል። ይህ ትርጓሜ ለዘመናት ከመምህር ወደ ተማሪ በቃል ሲወርድ የኖረ ነው። እንግዲህ አስቡት። ደበሎ የለበሰ የቆሎ ተማሪ ከጎጃም ቅኔ ቤት ተነሥቶ ጎንደር ድረስ በእግሩ መጥቷል። አኮፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ከውሻ ጋር እየተጋፋ ቁራሹን ለምኗል። ይህ ሁሉ ያችን «አንድም» ለመስማት ነው። ንባቡን አሰምቶ ቀና ሲል መምህሩ ዝም ካሉት፣ ብራናውም ከነቀለሙ ዝም ነው። አባባሉ የተወለደው እዚህ ጉባኤ ላይ ነው ብል ማን ይከራከረኛል? ባይሆንም እንኳ ይመጥነዋል።

ዛሬ ግን ሰፈሩ ጸጥ ሲል፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ፍቅረኛሞች ሲኮራረፉ ሁሉ «ቄሱም ዝም» ይባላል። ኧረ ተዉ! ኩርፊያን ኩርፊያ ማለት ምን ይከብዳል? ማመልከቻ አስገብታችሁ «ነገ ኑ» ሲሏችሁ ከርመው ኃላፊው ስልክ ካላነሣ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳውም ላይ ምንም ካልተለጠፈ፣ ያኔ በሉት። ደሞ አፋችሁን ሞልታችሁ።